አክስታችንን ማን ዳራት?

ኪነሽማ፣ ኖቬምበር 21 ቀን 1971

ለውድ ሮድያ፣

እንደምን ሰነበትክልኝ? እኛ ደህና ነን። ቮልጋ ዳር ዳሩን በረዶ መያዝ ጀምሯል። ክላቭዲያም የክረምቱን ጎመን በርሜል ውስጥ ጠቅጥቃ ከድናዋለች። ሰላምታህን ባደርስላት «መብላቱን ሳይጽፍ ሰላምታ ብቻ ምን ያደርግልኛል?» አለችኝ። ስለዚህ በሚቀጥለው ደብዳቤ ከቼዙ በፊት ምሳህን ጻፍ።

የእጅ ጽሕፈቴ ለምን እንደ ሱቅ ማስታወቂያ እንደተለቀ ጠይቀኸኛል። ብዕሩ ነው፣ ልጄ። ቀለም ይተፋል፤ ፊደሉን ሰፋ ካላደረግኩት ይጨማለቅብኛል። ሌላ ምንም የለም።

ስለ አክስት ግላፊራም ጠይቀኸኛል፤ ደህና ናት። ትናንት ደግሞ በእሷ ምክንያት ቤት ውስጥ ጉድ ሊፈላ ነበር። ክላቭዲያ «ይህቺ ለስንት ዓመት የምትጻጻፉባት ግላፊራ ማን ናት?» ብላ አፋጠጠችኝ። መውጫ ሲጠፋኝ እውነቱን ነገርኳት። ሴት አይደለችም፣ የቼዝ እርምጃ ናት አልኳት። በአሥራ ሰባተኛው እርምጃ ነጩ ፈረሱን ሠውቶ ከጥቁሩ ንጉሥ ፊት ያለውን ወታደር የሚበላባት፣ በ1960 ክረምት እኔና ሮድያ በአንቺው ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ያገኘናት፣ ከሁለታችን በቀር በዓለም ላይ ማንም የማያውቃት ናት። ደብዳቤያችን ሰው እጅ ቢገባ እንዳይነቃብን ነው ስም ያወጣንላት አልኳት። እስክታነባ ሳቀች። «አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሳትዳር? እንግዲያው አክስት ብትሏትም አይበዛባት» አለች።

እውነቷን ነው። መቼ ነው የምትድራት? ባኩ ላይ «ተጋጣሚው አይመጥናትም» አልከኝ። ሌኒንግራድ ላይ «ለትልቁ ማጣሪያ ትቆይ» አልክ። እኛ ቤት ቁም ሳጥን ውስጥ ለሠርጋችን የተሰጡን ስድስት የክሪስታል ብርጭቆዎች አሉ፤ ታውቃቸዋለህ። ለትልቅ እንግዳ ተብለው ሠላሳ አራት ዓመት ተቀመጡ፤ እስካሁን ውሃ እንኳ አልተጠጣባቸውም። አንተ ግራንድ ማስተር ነህ፣ እኔ በአቅኚዎች ቤት ልጆችን ቼዝ ያሠለጠንኩ ጡረተኛ ነኝ፤ አላዝህም። ግን አንድ ቀን ጋዜጣ ላይ ባያት ደስ ይለኛል።

ያንተው አርሴኒ ሉኪች


ሮስቶቭ፣ ዲሴምበር 2 ቀን 1971

የተከበሩ አርሴኒ ሉኪች፣

ጤና ይስጥልኝ። ለክላቭዲያ ስቴፓኖቭና ይንገሩልኝ፦ ጠዋት ሁለት የተቀቀለ እንቁላል፣ ምሳ የዓሣ ሾርባ። ማታ ጨዋታ ስላለ ሻይ በጃም ብቻ። የላኩልኝን የሱፍ ካልሲ አድርጌ ነው የምጫወተው፤ ዳኛው ጫማዬ ለምን እንደጠበበኝ አልገባውም።

ምን ላይ እንዳለሁ ልንገርዎ። አንድ ጨዋታ ቀርቶኛል። ወደ ዓለም ሻምፒዮና ማጣሪያ የሚያልፉት አራት ናቸው፤ እኔ ብቻዬን አራተኛ ነኝ። ከኋላዬ በግማሽ ነጥብ የሚከተሉኝ ሁለት ሰዎች አሉ። ነገ በጥቁር የምጫወተው ከኮስትሬንኮ ጋር ነው፤ ሃያ ሁለት ዓመቱ፣ ረጅም አንገት ያለው፣ ፈጣን ልጅ። አቻ ከወጣሁ፣ በነጥብ ቢደርሱብኝም በመለያው እበልጣቸዋለሁና፣ አልፋለሁ። ካላለፍኩ ግን ሌላ ጊዜ የለኝም። ከስፖርት ኮሚቴ የመጣው ሰውዬ ትናንት ሆቴሉ ፎቅ ላይ አግኝቶኝ «ሮዲዮን ኤፊሞቪች፣ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ለእኛ ሽማግሌ ነው፤ ከዚህ በኋላ ቦታው ለወጣቶች ነው» አለኝ። ለመናደድ እንኳ የማይመች ሰው ነው፤ እየሳቀ ነው የሚናገረው።

አክስታችንን ስለመዳር ያሉኝን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ካለፍኩ እዚያ እድራታለሁ። ይጠብቁኝ።

አንድ ነገር ግን ይንገሩኝ። እሑድ ስደውል ክላቭዲያ ስቴፓኖቭና «ተኝቷል» አሉኝ፤ በእኩለ ቀን። በሃያ አምስት ዓመት ውስጥ እርስዎ ቀን ሲተኙ አንድም ጊዜ አላየሁም። የደበቁኝ ነገር አለ?

ተማሪዎ ሮዲዮን


ሮስቶቭ፣ ዲሴምበር 4 ቀን 1971

አርሴኒ ሉኪች፣

መሸነፌን ትናንት ከላክሁት ቴሌግራም አውቀዋል። ይህን የምጽፈው ስለ ሽንፈቱ አይደለም።

ኮስትሬንኮ ግላፊራን ተጫወተብኝ።

በቅደም ተከተል ልንገርዎ። የመጀመሪያዎቹን አሥራ ስድስት እርምጃዎች ቶሎ ቶሎ ተጫወተ። መንገዱን ስለማውቀው ተከተልኩት፤ እንዲያውም ደስ ብሎኝ ነበር። ከዚያ ፈረሱን አንስቶ ንጉሤ ፊት ያለውን ወታደር በላ፣ ሰዓቱን መታ፣ ተነሥቶ ቡፌ ሄደ። መጀመሪያ ያሰብኩት እርስዎ አዳራሹ ውስጥ አሉ ብዬ ነው። ዞሬ ወንበሮቹን አየሁ። በእውነት አየሁ፤ ረድፍ በረድፍ። አሮጌ ካፖርት የለበሰ ሁሉ እርስዎን መሰለኝ።

አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ተቀመጥኩ። ዳኛው ጎንበስ ብሎ «ሮዲዮን ኤፊሞቪች፣ ያምዎታል እንዴ?» አለኝ። አያመኝም አልኩት። ከዚያ ፈረሱን በንጉሤ በላሁት፤ በሠላሳ ስድስተኛው እጄን ሰጠሁ። ሦስት ነጥብ ከግማሽ ቢጎድለኝ ኖሮ እቻለው ነበር፤ የጎደለኝ ግማሽ ብቻ ነው።

ልጁን ኮሪደር ላይ ያዝኩት። «ከየት አገኘሃት?» አልኩት። ተደናገጠ፤ የምመታው መስሎት አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

«ከጋዜጣ ነው፣ ሮዲዮን ኤፊሞቪች። ከቺታ ጋዜጣ። ረዳቴ የየከተማውን የቼዝ ዓምድ ቆርጦ ይሰበስባል። አንድ የእንስሳት ሐኪም በፖስታ ካርድ ተጫውቶ የተሸነፈበት ጨዋታ ነው።»

«ያሸነፈው ማን ነው?»

«ዛቭራዥኖቭ ይላል፣ ከኪነሽማ። የእርስዎ አገር ሰው አይደል? አያውቁትም?»

አላውቀውም አልኩት።

አርሴኒ ሉኪች፣ በኪነሽማ ከእርስዎ ሌላ ስንት የቼዝ ተጫዋች ዛቭራዥኖቭ አለ? አሥራ አንድ ዓመት ለሚስቴ እንኳ አልተናገርኩም። ለአንድ የቺታ ከብት ሐኪም ነበር እንዴ የምናስቀምጣት? እባክዎ ስህተት ነው በሉኝ። የሌላ ሰው ስም ነው በሉኝ፤ አምንዎታለሁ።

ሮ.


ቴሌግራም፣ ኪነሽማ፣ ዲሴምበር 8 ቀን

ስህተት አይደለም። ጥፋቱ የእኔ ነው። ደብዳቤ ይመጣል። ክላቭዲያን በስልክ አትቆጣት፤ እሷ አታውቅም። አርሴኒ


ኪነሽማ፣ ዲሴምበር 12 ቀን 1971

ሮድያ፣

ጽሕፈቱ የሌላ ሰው እንደሆነ አይተሃል። እኔ እናገራለሁ፣ ክላቭዲያ ትጽፋለች። (እኔ ነኝ፣ ሮዴንካ። የሚለውን ሁሉ ልጽፍ ምያለሁ፤ ስድቡንም ጭምር።)

የብዕር ችግር አልነበረም። ቀኝ ዓይኔ በኤፕሪል ሄደ። ግራው በእንፋሎት በተሸፈነ መስኮት እንደማየት ነው። የኢቫኖቮው ሐኪም በፌብሩዋሪ እንቅደደው ይላል፤ ያያል ብሎ ግን ቃል አልገባም። ያኔ ስትደውል ተኝቼ አልነበረም፤ ሐኪም ቤት ነበርኩ። ውድድር ላይ ያለ ሰው እንዲህ ያለ ነገር አይነገረውም ብዬ ነው። (እኔ ይነገረው ብዬ ነበር።)

በጸደይ፣ አንዱ ዓይን እንደጠፋ፣ በአእምሮዬ የመጣው ምን መሰለህ? ግላፊራን ሰሌዳ ላይ ቆማ አይቻት አላውቅም። እኔና አንተ ጠረጴዛ ላይ ያገላበጥናት ሌላ ነው። ፊት ለፊት የማያውቃት ሰው ተቀምጦ፣ ፈረሱ ሲያርፍበት ጭንቅላቱን ሲይዝ ማየት ነው የፈለግኩት። አንተን እጠብቅ እንዳልል ዓይኔ አይጠብቀኝም። «ቶሎ ተጫወታት» ብዬ እንዳልጽፍልህ ለምን ብለህ ትጠይቃለህ፤ ምክንያቱን ስነግርህ ደግሞ ጨዋታህን ትተህ ባቡር ላይ ትወጣለህ። አውቅሃለሁ።

ባለፈው ዓመት በተጀመረ የደብዳቤ ውድድር ላይ አንድ ሱችኮቭ የሚባል የእንስሳት ሐኪም ደርሶኝ ነበር፤ ራሱ ወደ እሷ መንገድ ገባ። ቺታ ናት፣ የዓለም ጫፍ። እዚያ ማን ያያታል አልኩ። አሥራ ሰባተኛውን እርምጃ በፖስታ ካርድ ጻፍኩና ላክሁ። መልሱ እስኪመጣ አሥራ ዘጠኝ ቀን፤ በየቀኑ የፖስታ ሳጥኑን በእጄ እዳብስ ነበር። ካርዱ ሲመጣ ከእርምጃው ሥር «የተከበሩ ጓድ፣ ሁለት ሌሊት አልተኛሁም» ብሎ ጽፏል። በአጉሊ መነጽር አነበብኩት። ሮድያ፣ ከዚያ የበለጠ ደስ ያለኝ ቀን ብዙ የለም፤ አሁን ይህን መናገር ያሳፍረኛል።

ሰውየው ሽንፈቱን ወዶት ለከተማው ጋዜጣ ይልካል ብዬ ግን እንዴት ልጠርጥር? እኔ የተሸነፍኳቸውን ምድጃ ውስጥ ነው የምከታቸው። (ካርዶቹን ፖስታ ቤት ያደረስኩት እኔ ነኝ። ምን እንደተጻፈባቸው ባውቅ ኖሮ ቮልጋ ውስጥ እጥላቸው ነበር።)

የሃያ አምስት ዓመት ልፋትህን በአንድ ካርድ አበላሸሁብህ። ይቅር በለኝ አልልህም፤ ቀላል ቃል ይሆንብኛል።

አንድ ነገር ግን ያብከነክነኛል። ክላቭዲያ ጨዋታውን ከጋዜጣ አነበበችልኝ፤ አንድ ሰዓት ከሃያ አስበህ ፈረሱን በንጉሡ በላህ። ያን መንገድ እኮ በ1960 አብረን ጥቁሩ እንደሚጠፋበት ጽፈን ዘግተነዋል። ባታውቅ ኖሮ እሺ። ያን ሁሉ ጊዜ ተቀምጠህ ምን ስታይ ነበር?

አርሴኒ


ሞስኮ፣ ዲሴምበር 19 ቀን 1971

የተከበሩ አርሴኒ ሉኪች፣

ስለ ዓይንዎ ያነበብኩት ደረጃው ላይ ቆሜ ነው፤ ደብዳቤውን ከሳጥኑ አውጥቼ ፎቅ ለመውጣት እንኳ አልታገስኩም ነበር። ከዚያ እዚያው ተቀመጥኩ። ጎረቤቴ ከገበያ ስትመለስ ሰክሬ መስሏት በእግሯ ተሻገረችኝ። በዚያ ዓይን በየሳምንቱ ሲጽፉልኝ ነበር። እኔ ደግሞ በብዕርዎ ሳሾፍ።

ጥያቄዎን ባይጠይቁኝ ኖሮ ዕድሜ ልኬን ሆድ ይፍጀው ብዬ ነበር። ጠየቁኝ። እንግዲያው ይስሙ፤ ክላቭዲያ ስቴፓኖቭና፣ ቀስ ብለው ያንብቡላቸው።

ግላፊራ ትክክል አይደለችም። አውቅ ነበር። ከ1962 ጀምሮ አውቃለሁ።

ወደ ፔርም ስሄድ ባቡር ውስጥ ነው ያየሁት። ጥቁሩ ፈረሱን መብላት የለበትም። ንግሥቱን አንድ ካሬ ወደ ኋላ ይስባታል፤ ዝም ያለች እርምጃ ናት፤ ማንንም አትነካም። ከዚያ ነጩ የሚያጠቃበት ነገር ይጠፋል፣ ፈረሱም ባዶ ሜዳ ላይ ይቀራል። መላውን መንገድ መረመርኩት። ሦስት ቀን። ስመለስ በቀጥታ ወደ እናንተ መጣሁ ልነግርዎ። ያን ቀን ትዝ ይልዎታል? የአቅኚዎች ቤት አዲሱ ዳይሬክተር ከሥራ ያሰናበተዎት ሳምንት ነበር። ጠረጴዛው ላይ ግላፊራን ደርድረው ነው ያገኘሁዎት። «ሮድያ፣ ሁሉንም ይውሰዱት፤ ከእኔ ዕድሜ አንድ ነገር ቢቀር ይቺ ናት» አሉኝ። ክላቭዲያ ስቴፓኖቭና ሾርባ አቀረቡ። በላሁና ዝም አልኩ።

ከዚያ በኋላ ዝምታው ራሱ ሥራ ሆነ። ግላፊራን ልጫወታት የምችልባቸው ስድስት ጨዋታዎች ነበሩ፤ በስድስቱም ሌላ መንገድ ሄድኩ። በአራቱ አቻ ወጣሁ፣ በሁለቱ ተሸነፍኩ። «አይመጥናትም» ያልኩት ሁሉ ውሸት ነው።

ሮስቶቭ ላይ አንድ ሰዓት ከሃያ ሳይ የነበረው ንግሥቴን ነው። አንድ ካሬ ወደ ኋላ፤ ከዚያ አሸንፋለሁ፣ አልፋለሁ። ልጁ ቡፌ ውስጥ ሻዩን ይጠጣል፤ ምንም አያውቅም። ግን ጨዋታው በመጽሔት ይወጣል፤ ከሥሩም «ይህ መሥዋዕት ዋጋ እንደሌለው ግራንድ ማስተር ሮዲዮን ቹጉኖቭ አሳየ» ተብሎ ይጻፋል፤ እርስዎም ያነቡታል። በዚያች ሰዓት አሳልፈው እንደሰጧት ገምቼ ነበር፤ ተናድጄብዎታለሁ፤ ቢሆንም እጄ ወደ ንግሥቷ አልሄደልኝም። በንጉሡ ልብላና ለአቻ ልታገል አልኩ። አልሆነም።

እናም እርስዎ ምንም አላበላሹብኝም። ያበላሸሁት እኔ ነኝ።

ሮዲዮን


ኪነሽማ፣ ጃንዋሪ 2 ቀን 1972

ሮድያ፣

እንኳን ለአዲሱ ዓመት በደህና አደረሰህ። ስድቡን ከሰላምታው በኋላ አድርገው ያለችኝ ክላቭዲያ ናት። (እኔ ነኝ።)

አህያ። ደብዳቤህ ሲነበብልኝ ክላቭዲያ ውሃ ልታመጣልኝ ተነሣች፤ ልቤ የቆመ መስሏት። እኔ ሰውን ስንት ዓመት አስተምሬ ነው ሰሌዳ ላይ ማዘንን ያስተማርኩት? አንድ ነገር ብቻ ነው ያስተማርኩህ፦ ያየኸውን የተሻለ እርምጃ ተጫወት፣ ተቀባዩ እናትህም ትሁን። አንተ ግን ለአንድ የኪነሽማ ሽማግሌ ብለህ የዓለም ሻምፒዮና ማጣሪያን ጣልክ። ለማን አውርቼ ነው የሚያምነኝ? እንዲህ ያለ ሸክም አሸክመኸኝ ዓይን ቢኖረኝ ምን ላይበት ነው?

(እዚህ ላይ ተነሥቶ ክፍሉን ሁለት ጊዜ ዞረ፤ በወንበሩ ተደናቀፈ። ቀጥል አልኩት።)

ቀጥሎ የምነግርህን ተቀምጠህ አንብበው። ደረጃ ላይ ሳይሆን ወንበር ላይ።

ሰሌዳውን አስደረደርኩ። ጠጠሮቹን በጣቴ እየዳበስኩ ንግሥትህን አንድ ካሬ ወደ ኋላ ሳብኳት። ጥሩ እርምጃ ናት፤ በአንተ እኮራለሁ። ከዚያ ነጩ ምን ያድርግ ብዬ አሰብኩ። አንተ ነጩን አቻኩለኸዋል፤ አሁኑኑ ካላጠቃ ይሞታል ብለህ ነው የመረመርከው። መቸኮል የለበትም። በቀኝ ዳር ያለውን ወታደር አንድ እርምጃ ብቻ ይገፋዋል። ያንተ ንግሥት ዝም ብትል፣ የእኔም ወታደር ዝም ትላለች። ከዚያ ጥቁሩ ምን ቢያደርግ ይታነቃል፤ ፈረሱም ሊበላ አይችልም። ሁሉንም መንገድ በሌላ ወረቀት ክላቭዲያ ጽፋልሃለች፤ መርምረው። ስህተት ካገኘህ ባገኘህበት ቀን ጻፍ፤ ዘጠኝ ዓመት አታቆየው።

ግላፊራ ትክክል ናት፣ ሮድያ። ሁልጊዜም ትክክል ነበረች። ላልታመመች ሴት ነው ዘጠኝ ዓመት ያዘንክላት።

ስድስቱን ጨዋታዎች አንድ በአንድ ቆጠርኳቸው። ግን ራስህን አትውቀስ። ይህቺን የዳር ወታደር ለማግኘት ስምንት ቀን ሙሉ ፈጅቶብኛል፤ ጠዋትና ከሰዓት፤ ራሴን እስኪያመኝ። በጣም የተደበቀች ናት። በ1962 ብትነግረኝም ያኔ አላገኛትም ነበር። ስለዚህ ብትነግረኝም ባትነግረኝም ያው ነበር፤ ይህን አምነህ ተኛ።

በመጽሔቱ የኮስትሬንኮ መሥዋዕት ትባል፤ አልከራከርም። ልጁ ደፍሮ ድሯታል። እኛ አልደፈርንም።

አርሴኒ


ሮዴንካ፣ ይህን የምጨምረው እኔ ነኝ፤ እሱ አያውቅም። ፖስታውን ከመለጠፌ በፊት ነው።

በአዲስ ዓመት ዕለት የክሪስታል ብርጭቆዎቹን አውጥቼ አጠብኳቸው። ማንም እንግዳ አልነበረም፤ ሁለታችን ጠጣንባቸው። አንዱን በእጁ ሲፈልገው ጣለውና ተሰበረ። አምስት አሉ። ስትመጣ ይጠብቁሃል።

ስለ ስምንቱ ቀን የነገረህን አስጽፎኛል፤ የሚለውን ሁሉ ልጽፍ ስለማልኩ ጽፌዋለሁ። ውሸት ነው። ውሸቱ ለስላሳ መሆኑን አውቃለሁ፤ ላንተ ብሎ ነው። አንተም ለእሱ ብለህ ነበር፤ ይኸው የሆነውን አየን። እኔ በዚህ ቤት ሰው ለሰው ብሎ ዝም ሲል ማየት ሰልችቶኛል። ሌላ ዘጠኝ ዓመት ደግሞ ይበላችኋል፤ እሱ ያን ያህል የለውም።

ደብዳቤህ የደረሰው በሃያ ሦስት፣ በምሳ ሰዓት ነው። ሾርባ አቅርቤለት ነበር፤ ገፋ አድርጎ ሰሌዳውን አስመጣኝ። እስካሁን የቆየው እንዴት እንደሚነግርህ ጨንቆት ነው፤ የዳሯን ወታደር ያገኛት ያን ጊዜውኑ ነበር። ሾርባው እንኳ አልቀዘቀዘም።

ክላቭዲያ